ሶፋው ከወጣ አሰልጣኙም ወጣ

ለተከበሩ የእግር ኳስ ክለባችን ሊቀመንበር፤
ቢሮ ካሉ በቢሮ፣ ትሪቡን ላይ ካሉም እዚያው።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ክለባችን ደረጃ ሳይሆን እንደ ክለባችን መግለጫ እንከን የሌለበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም አንገትዎን ደህና ያድርግልን፤ ከክብር ትሪቡን ላይ ሆኖ ሰውን ሁሉ ቁልቁል ማየት አንገት እንደሚያደክም ይገባኛል።

እኔ ከክለቡ የአሰልጣኝ መኖሪያ ቤት ጋር በአንድ አጥርና በአንድ የውሃ ቧንቧ የምጎራበት ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የክለባችን የልብ ደጋፊ ነበር፤ ሲሞት ሬዲዮኑንና ንዴቱን አውርሶኝ ሄደ። ወደዚያ ቤት የገባውንም የወጣውንም አሰልጣኝ ሁሉ በኩሽናዬ መስኮት አይቻለሁ፤ ወድጄ አይደለም፣ ዕቃ የማጥበው እዚያ ጋ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ክለባችን የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ የአሰልጣኞቹን ታሪክ የያዘ መጽሔት ሊያሳትም መሆኑን፣ ትዝታ ያለው ደጋፊም ሁሉ እንዲልክ በአክብሮት መጠየቃችሁን በሬዲዮ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር የማጥበውን ብርጭቆ አስቀምጬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩ። ያባረረውን ሰው ሁሉ ፎቶ ሰብስቦ በዓል የሚያከብር ቤት ከዚህ በፊት አላየሁማ። ያም ሆኖ በአክብሮት ስለተጠየቅኩ በአክብሮት እመልሳለሁ፤ ትዝታዬንም ቅሬታዬንም፣ ለአዘጋጆቹ እንዲቀልላቸው፣ ቁጥር ሰጥቼ እነሆ ብያለሁ።

1ኛ) ስለ መጀመሪያው አሰልጣኝና ስለ ሶፋው አመጣጥ። መጽሔቱ ይህን ይዘለዋል ብዬ ስለምሰጋ ከዚህ እጀምራለሁ። የመጀመሪያው አሰልጣኛችን የስፖርት አስተማሪ የነበሩ፣ የሜዳውን መስመር ራሳቸው በኖራ የሚያሰምሩ፣ ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ ኖራ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። ከማጎንበስ ብዛት ወገባቸው ቢያስቸግራቸው የጊዜው ኮሚቴ አንድ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ገዛላቸው፤ ቡናማ፣ ክንዱ ጥርብ እንጨት የሆነ፣ ለሁለት ጎረምሳ እንኳ የሚከብድ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከዚያ ወዲህ ክለባችን ለአሰልጣኝ ያደረገው ደግ ነገር ትዝ አይለኝም።

ዓመታት አልፈው ጋሼ ኖራ ሲያረጁና ቡድኑም ሲደክም ኮሚቴው ሊያሰናብታቸው ፈለገ። ነገር ግን አብዛኞቹን የኮሚቴ አባላት በቁምጣ ያሳደጓቸው እሳቸው ነበሩና፣ አፍ አውጥቶ የሚነግራቸው ወንድ ጠፋ። አንተ ንገራቸው፣ ኧረ አንተ ንገራቸው ሲባባሉ ሰነበቱና፣ በመጨረሻ በውድድሩ እረፍት ላይ ቫን ልከው፣ ሶፋው ሊታደስ ነው ብለው አስወሰዱባቸው። ሽማግሌው በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ባለቤቴን ጠርተው «ሶፋው ቆየሳ፣ አይደል?» አሉት። ባለቤቴ ነገሩን ከሰው ሰምቶ ነበርና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከልምምድ ሜዳው በኩል የሌላ ሰው ፊሽካ ሲሰሙ ሁሉ ነገር ገባቸው። ዕቃቸውን ሸክፈው ሲሄዱ በርጩማውን ለባለቤቴ ትተውለት ሄዱ፤ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ።

ይህ ነገር ነውር ሆኖ ሊቀር ሲገባው ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ብሂል ኮሚቴያችን መመሪያው አድርጎ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከክለባችን አፍ «ተሰናብተሃል» የሚል ቃል የሰማ አሰልጣኝ የለም። አዲስ ሲመጣ ሶፋው ይገባል፤ ሶፋው ሲወጣ አሰልጣኙ ይወጣል፤ ይህን ከተማው ሁሉ፣ ሌላው ቀርቶ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ሳይቀር ያውቀዋል። በእርግጥ ዝም አልነቀዘም፣ ሶፋው ግን ነቅዟል።

2ኛ) በመካከል ስላለፉት። ሁሉንም ላንሳ ብል ወረቀቱም የእርስዎ ትዕግሥትም አይበቃኝም፤ ስለዚህ መጽሔቱ ውስጥ በክራቫት ፎቶ ብቻ እንዳይታለፉ የምሰጋላቸውን ሦስቱን ላንሳ። «ፕሮፌሰሩ» የሚባለው፣ ተጫዋቾቹን እቤቱ ሰብስቦ በሳህንና በማንኪያ አሰላለፍ ሲያስረዳ የሚያመሽ፣ ማብራሪያው ሲያልቅ ሳህኖቹ ለምን እንደሚያሸንፉ፣ እሑድ ሲመጣ ግን ልጆቹ ለምን እንደሚሸነፉ መረዳት ያቃተው ሰው ነበር። ቫኑ የመጣበት ቀን ራሱ በአንድ በኩል ይዞ ሶፋውን አስጫነ፤ ደግ ሰው ነበር ቀን አልወጣለትም እንጂ።

ከእሱ በኋላ የመጣው «ሃምሳ አለቃ» ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጫን አልነበረም። ቫኑ ከሩቅ ሲመጣ አይቶ በሩን ቆለፈና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሶፋው እዚህ ካለ እኔም አሰልጣኝ ነኝ፣ ሥርዓቱን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድም ሳይወጣ ሰነበተ። ቡድኑም ያለ እሱ ወጥቶ አሸነፈ፤ ያን ዓመት ያሸነፍነው ያንን አንድ ጨዋታ ብቻ ይመስለኛል። በመጨረሻ ከነሶፋው ተሸክመው ሲያወጡት፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ተቀምጦ ለሠፈሩ ሰው እጁን ያነሳ ነበር።

ሦስተኛው ነገር የገባው ብልጥ ነበር፤ ቢሆንም ብልጠቱ አላዳነውም። የሰው ዕቃ አልለምድም ብሎ የራሱን የላስቲክ ወንበር ይዞ መጣና ሶፋውን ጓዳ አስገባው። እሱ ከሜዳ ሳይመለስ ቫኑ መጥቶ ሶፋውን ከጓዳ ሲወስድ ልብም አላለ፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ፊሽካውን አንጠልጥሎ ሜዳ ወረደ። ለካ አዲሱም ወርዷል! ሁለት አሰልጣኝ በሁለት ፊሽካ አንድ ቡድን ሲያሠለጥኑ ዋሉ፤ የኮሚቴው አባላትም ከአጥር ውጭ ቆመው ማን ሄዶ ይንገራቸው እያሉ ይነታረኩ ነበር። ክቡርነትዎ በዚያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ከቆሙት አንዱ እንደነበሩ አስታውሳለሁ። ወጣት ነበሩ፤ ቀልጣፋም ይመስሉ ነበር።

3ኛ) ስለ «ዝምተኛው»። አሁን ወደሚያስለቅሰኝ መጣሁ፣ እስካሁን እንዳሾፍኩ አድርገው ከወሰዱት ከዚህ በኋላ ቀልድ የለም። ይህ ልጅ ሲመጣ ቡድናችን የደረጃው ግርጌ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ወንበር አውጥታ የሠፈሩን ሴት ሁሉ ታሳምር ነበር፣ የእኔንም ሽበት ጭምር። እርጉዝ ስለነበረች ልብሱን የሚያጥበው እሱ ነው። የተከላካይ መስመር ማለት ምን እንደሆነ፣ ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አስረድቶኝ ያልገባኝን፣ እሱ የልብስ መቆንጠጫዎቹን ገመዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረገ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስረዳኝ። ሲናገር ድምፁ የማይሰማ፣ ተሸንፎ ሲመለስ በሩን የማይወረውር ሰው ነው።

በእሱ እጅ ቡድናችን ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ሦስተኛ! ባለቤቴ ይህን ሳያይ መሞቱ እንደዚያን ሰሞን ቆጭቶኝ አያውቅም። ጥንዶቹም ከተማውን ወደዱ፣ ሶፋውንም ወደዱ፤ ለሚወለደው ልጅ የገዟቸውን ልብሶች አጥፈው የሚደረድሩት እዚያ ላይ ነበር።

4ኛ) ስለ ስህተቱ። ከመሪው ቡድን ጋር በምንጫወትበት ዋዜማ ትልቅ እንግዳ ሊመጡ ነው ተባለ። የክብር ትሪቡኑ ወንበሮች ተሰባብረው እስከ ዛሬ ጠጋኝ አላገኙምና፣ የመስተንግዶ ኮሚቴው እንግዳውን የት እናስቀምጥ ብሎ ሲጨነቅ አንዱ አዋቂ ሶፋው ትዝ አለው። ስንት የዕቃ ኪራይ ቤት ባለበት ከተማ፣ ስንት የኮሚቴ አባል በየሳሎኑ ሶፋ ዘርግቶ በሚኖርበት ከተማ፣ የተመረጠው ያ የነቀዘ ሶፋ! ሹፌሩም እንደ ልማዱ ለምን ሳይል ሄደ፤ በክለባችን ለምን ማለት ከቀረ ቆይቷል።

ቤት የነበረችው የዝምተኛው ሚስት ብቻ ነበረች። በመስኮቴ አየኋት። የልጅ ልብሶቹን አንድ በአንድ ከሶፋው ላይ አንስታ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አስቀመጠች፣ ከዚያም እንዲያልፍላቸው ሁለተኛውን የበሩን ተካፋች ከፈተችላቸው። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ የሶፋው እግሮች ወለሉ ላይ የተዉትን ምልክት አይቶ ቆመ። እኔ በአጥሩ በኩል፣ ኧረ ልጄ ቢያንስ ደውለህ ጠይቅ፣ ሰው ሦስተኛ ወጥቶ ይባረራል እንዴ ብዬ ለመንኩት። እሱም «እትዬ፣ እዚህ ቤት ሶፋ ሲወጣ የሚጠየቅ ነገር የለም» አለኝ። ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ አንድ የድሮ ጓደኛው ምክትል አሰልጣኝ ወደሚፈልግበት ሩቅ ከተማ ሄደ። ሚስቱ ለመውለድ ተቃርባ ስለነበር መንገድ አይሆንላትም ተባለ፤ ቤት እስኪያገኝላት እዚሁ እንድትቆይ ተስማሙ።

ልጆቻችን በዚያው ቀን ሜዳ ሲገቡ አሰልጣኛቸው የለም። አራት ለባዶ ተሸነፍን። እንግዳውም ሳይመጡ ቀሩ፤ ሶፋው ባዶ ትሪቡን ላይ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ዋለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር፤ ስህተት የሰው ነው። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት የባለቤቴን ሬዲዮ ስከፍት፣ ክለባችን አሰልጣኙን «በውጤት ማጣት ምክንያት» ማሰናበቱን ሰማሁ። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ውጤት ያጣ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ስለሆነ፣ በመጽሔቱ ላይ ሙሉ ገጽ እንዲሰጠው በትሕትና አመለክታለሁ።

5ኛ) ይህን ቅሬታ ጽፌው ነበር፣ መልሼ ሳነበው ሰረዝኩት። እናቴ ሰው መሳደብ አላስተማረችኝም።

6ኛ) ስለ ቢሮዎ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንደነበር ያስታውሳሉ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ስትለኝ፣ ከውስጥ የሚሰማው የቴሌቪዥን ጨዋታ ስብሰባ መሆኑን አምኜ ኮሪደሩ ላይ፣ በአሰልጣኞቹ ፎቶዎች ሥር ተቀመጥኩ። ጋሼ ኖራ ከሁሉም በላይ ተሰቅለዋል፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል። ወደ ማታ ላይ አስገቡኝ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ትልቁ የቆዳ ወንበርዎ ላይ ሆነው በሩን አስዘግተው ድምፅዎን ዝቅ በማድረግ የነገሩኝን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «በስህተት መሆኑንማ እናውቃለን፣ እናቴ፤ ግን አንዴ በሬዲዮ ተነግሯል» አሉኝ። መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ክቡር ሆይ፣ ስህተት መሆኑን እያወቁ የሚሠሩት ነገር ስህተት አይባልም፤ ሌላ ስም አለው፣ እሱንም ከአምስተኛው ጋር ሰርዤዋለሁ።

7ኛ) ስለ አራሷ። ልጅቷ ተወለደች። ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ አባቷ ገና አላያትም፤ አዲሱ ክለብ ገና በገባበት ሳምንት ፈቃድ አልሰጠውም፣ ያለውም ከተጫዋቾቹ ጋር በአንድ መኝታ ቤት ነው። አመሻሽ ላይ ሲደውል እናቷ ስልኩን ከሕፃኗ ጆሮ ጋር ታስጠጋዋለች፤ እሱም ያው ዝምተኛ ስለሆነ ሁለቱም ዝም ብለው ይቆያሉ። ይህን በአጥር በኩል ማየት እንደምን አድርጎ ሆድ እንደሚያባባ ለእርስዎ መግለጽ አልችልም።

ትናንት ደግሞ የክለቡ ጥበቃ መጣ። ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት እያየ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ስለሚገባ ቤቱ እስከ እሑድ እንዲለቀቅ መታዘዙን ነገራት። ጥበቃው የሰባት ልጆች አባት ነው፤ መልእክቱን ጨርሶ የቧንቧውን የላላ ማሰሪያ አጥብቆላት ሄደ። ከመጣችሁ ወዲህ በዚያ ግቢ የተሠራው ጥገና ያ ብቻ ነው። አራስ ናት፣ ክቡር ሆይ! ገና አርባ ቀን እንኳ ያልሞላት አራስ! በጋሼ ኖራ ላይ የተሠራውን ዝም ብዬ አየሁ፣ ወጣት ሙሽራ ነበርኩና ቃሌን የሚሰማ አልነበረም። አሁን ግን አሮጊት ነኝ፣ የምፈራው የለኝም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁን በስልክ አግኝቼዋለሁ፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው በአፋቸው ስህተት ነበር ካሉ በማግስቱ አውቶቡስ እመጣለሁ ብሏል። ሌላ ምንም አልጠየቀም፤ ካሣም ካባም አላለም። ስለዚህ ማለት የሚጠበቅብዎ «ሶፋው የተወሰደው በስህተት ነው፤ ተመለስ» የሚለው ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ከዚህ የረዘመ አስነብብ ነበር። በዚያው ሬዲዮ ቢሏት በአንድ ሳምንት አባትም ከልጁ፣ ቡድኑም ከአሰልጣኙ ይገናኛል። ካላሏት እናትና ልጅ እሑድ ወደ እኔ ቤት ይሻገራሉ፤ አልጋዬን አስተካክያለሁ። አዲሱ አሰልጣኝም ምስኪን ነው፣ በእሱ ቂም የለኝም፤ ሻንጣውን አልፈታም ሲባል ሰምቼ ብልህ ሰው ነው ብያለሁ። ነገር ግን በዚያ አጥር በኩል በየቀኑ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ልቅሶው የክለባችሁ ታሪክ አካል ስለሆነ መጽሔቱ ላይ ይግባ።

በመጨረሻም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስለ ትዕግሥትዎ፣ ማለትም የእኛን መከራ ችሎ ስለሚያሳልፍልዎ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን አባባል፣ ቢሮዎ መጋረጃ ካልተከፈተበት እንደማይሠራ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ፣ ባለቤቴ ያወረሰኝ ንዴት እያረጀ ሊጠፋብኝ ሲል አድሰው ስለመለሱልኝ ባለውለታዬ ነዎት፤ ከክለባችን ለእድሳት ሄዶ ሲመለስ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

የዘወትር አክባሪዎ፣ የአጥር ጎረቤትዎ፣ በቡድኑ ደስታ ሦስት ጊዜ፣ በኮሚቴው ሥራ ግን ዕድሜ ልኳን ያለቀሰች፣
ጡረተኛዋ አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለክለቡ ጥበቃ፣ ለደግነቱ፤
ለቫኑ ሹፌር፣ አንድ ቀን ለምን እንዲል፤
ለመጽሔቱ አዘጋጆች፣ ሳይቆረጥ እንዲወጣ፤
ለሕፃኗ፣ ማንበብ ስትችል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ በር ላይ ልለጥፍ ስመጣ እርስዎ አልነበሩም፤ ቫኑ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሹፌሩና ጥበቃው ትልቁን የቆዳ ወንበርዎን ሲጭኑ ደረስኩ። የት ነው የሚሄደው ብዬ ብጠይቃቸው ተያይተው፣ ከበላይ ታዘን ነው፣ ሊታደስ ነው አሉኝ። ክቡርነትዎ በፍጹም አይደንግጡ፣ መቼም በስህተት ይሆናል። ምናልባት ከቆየብዎ ግን የጋሼ ኖራን በርጩማ በጥበቃው እጅ ልኬልዎታለሁ፤ እሱ ላይ ተቀምጠው ያቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ይለማመዷት።